ጋሼ፣ መርከብ አልገዛሁም

ከግሬናዳ፣ ካሪቢያን ባሕር
ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ዓለም ጤና

ጋሼ፣ እኔ ከናፍቆትዎና ባሕሩ ሲናወጥ ከሚመጣብኝ ማስመለስ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ምራትዎም ልጆቹም ደህና ናቸው። እነሱን ማዕበሉ ምንም አይላቸውም፤ ከቤቱ ውስጥ የሚታመመው የመርከብ ትምህርት የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «መርከብ መግዛትህን ሰምተን ደስ ብሎናል» የሚለውን ሳነብ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «እንግዲህ ጅቡቲ ድረስ ብቅ በልና አንድ ኢሱዙ ጫንልን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቀጥ አለ። ወሬው ዕድር ገብቷል ማለት ነው። ዕድር ከገባ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ በስሜ ተጽፎ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰው ሰብሰብ ባለበት ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።

ጥፋቱ የላክሁላችሁ ፎቶ ነው። ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ከኋላ ዘንባባ። ያን ፎቶ ሳነሳ እጄን ታጥቤ መጨረሴ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና የጀልባው ሽንት ቤት በእጅ በሚገፋ ፓምፕ ነው የሚሠራው፣ ሲደፈን የሚፈታው ደግሞ አባወራው ነው። ባሕር ዳር ላይ የመርከብ ሞተር ስማር፣ በኋላም በጭነት መርከብ ዓለምን ስዞር፣ ትምህርቴ እዚህ እንደሚያልቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ንብረታችን መርከብ አይባልም። ርዝመቷ 12 ሜትር፣ ወርዷ 4 ሜትር የማይሞላ፣ ማርቲኒክ ደሴት ላይ አርጅታ የገዛናት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። መኝታ ቤቱም፣ ወጥ ቤቱም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም እዚያው ናቸው። ትልቁ ልጅ ማባዛት የሚማርበት ጠረጴዛ ካልታጠፈ የትንሿ አልጋ አይዘረጋም፤ ስለዚህ እሷ እንቅልፏ ሲመጣ እሱ በሰባት ማባዛት ላይ ይቀራል።

ፍጥነታችንን ከጠየቁኝ፣ ነፋስ ሲቀናን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመቂ ጋሪ ይቀድመናል። ከማርቲኒክ ሴንት ሉሲያ ከወደብ ወደብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ምሳውን መንገድ ላይ ይበላል፣ ቁርሱ ከረጋለት።

አሁን ወደ ኢሱዙው ልምጣ። እዚህ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚነፍሰው፤ ባለ ሸራ ጀልባ ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥማ አትሄድም። ጅቡቲ ልምጣ ብል የሚቀናኝ በፓናማ ቦይ ወጥቶ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻግሮ፣ ከዚያ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ በጓሮ በኩል መግባት ነው። እሱም ቢሆን ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በባብኤል መንደብ አካባቢ የሚያልፉ ግዙፍ መርከቦችን በሚሳይል ሲመቱ ሰንብተዋል። ደግሞስ ጀልባዋ ከነቤተሰቧ 10 ቶን አትሞላም፤ ኢሱዙ ቢጫንባት ኢሱዙው ነው እኛን ጭኖ የሚወርደው።

እማዬ «ልጄ ከጀሪካን ተገላገለ» ብላ እልል ማለቷን ሰምቻለሁ። ጋሼ፣ ዙሪያዬን ውሃ ከብቦኝ ዛሬም ቢጫ ጀሪካን ተሸክሜያለሁ። የባሕሩን ጨው የሚያጣራ ማሽን አለን፤ የሠራ ቀን። ያልሠራ ቀን በጎማ ጀልባ ወደብ ሄደን ባለ 20 ሊትሯን እየሞላን እንመለሳለን። አንድ ነገር ግን አልክድም፦ የማሽኑ ውሃ እንደኛ አገር ጉድጓድ ፍሎራይድ የለበትምና የልጆቼ ጥርስ ወተት ነው። የእኔ ግን የስምጥ ሸለቆ ልጅ መሆኔን ይናገራል። እዚህ ወደብ ላይ ሲጋራ እንደማላጨስ ያሳመንኩት ሰው እስካሁን የለም።

እንጀራ የምጋግረው እኔ ነኝ፤ ይህችን ለእማዬ ይዝለሏት። ጤፍ ስለማይገኝ የስንዴና የሩዝ ዱቄት ነው የማቦካው። ምድጃው ግራና ቀኙን በብሎን ተንጠልጥሏል፤ ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ የማዘነብለው እኔ ጋጋሪው ነኝ። በቀደም መልሕቅ ጥለን ባሕሩ ጸጥ ባለበት ሊጡን አዙሬ ልከድን ስል አንድ ሀብታም በሞተር ጀልባ በአጠገባችን ተፈተለከ። የቀሰቀሰው ማዕበል ሊጡን ወደ አንድ ጎን ሰበሰበውና እንጀራው በግራ በኩል ድፎ ዳቦ፣ በቀኝ በኩል ወረቀት ሆኖ ወጣ። ምራትዎ «የኢትዮጵያ እንጀራ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ። «የበዓል ጊዜ ብቻ» አልኳት።

ደሴት በቀየርን ቁጥር ቢጫ ባንዲራ ሰቅለን ኢሚግሬሽን እንቀርባለን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በሌላ ቦታ ሲያስጠረጥር እዚህ አንዳንዴ ያስከብራል። ጃንሆይ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ትሪኒዳድንና ጃማይካን ጎብኝተው ነበር፤ የዚህ አካባቢ ራስተፈሪያኖች ዛሬም አገራችንን ከእኛ አብልጠው ነው የሚወዷት። ወረፋ ላይ ከኋላዬ የቆመ አንድ ሽማግሌ ፓስፖርቴን አየና «ከሻሸመኔ ነህ?» አለኝ። «ወደ ሻሸመኔ የሚሄደው አውቶቡስ በቤታችን በር ነው የሚያልፈው» ስለው ኮፍያውን አውልቆ እጄን ሳመኝ። ልጅ ሳለሁ እዚያው በር ላይ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው!» እያልኩ ለረዳቶቹ ተሳፋሪ እጠራ እንደነበር አልነገርኩትም።

በደሴት መካከል በጀልባ መኖርንም እኔ አልጀመርኩትም። እዚያው በአፍንጫችሁ ሥር፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ዛዮች ከቱሉ ጉዶና ከሌሎቹ ደሴቶች በታንኳ እየተመላለሱ ስንት ዘመን ኖረዋል። መቼ ነው እነሱን «ኢሱዙ ጫኑልን» ያላችኋቸው?

የእኛ ጀልባ እውነተኛ ጭነት የጫነችው ቤሪል ከተባለው አውሎ ነፋስ በኋላ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ባለ ጀልባ ሁሉ ወደ ደቡብ ይሸሻል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 24 ቀን ቤሪል የግሬናዳን ታናሽ ደሴት ካሪያኩን ሲመታ እኛ ትሪኒዳድ ተጠግተን ነበር። በኋላ ካሪያኩ ስንደርስ ጣሪያው በቦታው ያለ ቤት መፈለግ ሥራ ነበር፤ ማንግሮቭ ውስጥ የተደበቁት ጀልባዎችም አንዱ በሌላው ላይ ተከምረዋል። የመጠጥ ውሃ፣ ሸራና የቆርቆሮ ሚስማር ይዘን ሄድን። አንዲት እናት ሚስማሩን ተቀብለው፣ መርቀውኝ፣ ከኋላዬ ደግሞ ሌላ ዕቃ እንዳለ አየት አደረጉና «ቆርቆሮውስ?» አሉኝ። እርስዎን መሰሉኝ።

ስለ እናንተ ቆርቆሮ እንነጋገር። አንድ ፈረንጅ ሞተሩን አስፈትቶኛል፤ ሲከፍለኝ አቅሜ የፈቀደውን በስምዎ እልካለሁ። በባንክ ነው ጋሼ፣ ወደብ ሄዳችሁ እንዳትጠብቁ። የአክስቴ ልጅ «ካፒቴን ልሁን» ማለቱንም ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ ዋና ይማር፣ ቆቃ ግን አይሂድ፣ አዞ አለ። እማዬ እዚህ ጉማሬ ይኖር እንደሆነ ከጠየቀች የለም ይበሏት። ስለ ሻርክ ካልጠየቀች አያንሱባት።

አክባሪ ልጅዎ