«ፀሐይ ከመብራቴ ምን አላት?» ለምትል

«ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ከእኔ መብራት ጋር ምን አገናኛት?» ቆዳህን የምታከስለው ከዚያው ርቀት አይደል እንዴ!

«የፀሐይ ማዕበል ትላላችሁ፤ ማዕበል የውሃ ነው፤ ፀሐይ ላይ ምን ውሃ አለ?» ውሃ የለም። ያለው ኤሌክትሪክ የተሸከመ ትኩስ ጋዝ ነው። አንዳንዴ በቢሊዮን ቶን የሚመዘን ክምር ከነማግኔቱ ትተፋለች፤ መንገዱ ወደ እኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ከች ይላል። የምድርን ማግኔት ያናውጣል፤ የተናወጠ ማግኔት ረጅም ሽቦ ካገኘ ጅረት ይቀሰቅስበታል። የብስክሌት ዲናሞም መብራት የሚያበራው በዚሁ ሕግ ነው።

«ወሬ ነው!» ካልክ የካናዳዋን ኩቤክ ጠይቅ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ላይ፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ማዕበሉ በ735 ሺህ ቮልት መስመሮቹ ገባ። ትራንስፎርመር የተሠራው በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን ለሚቀያይር ጅረት ነው፤ ይሄኛው ግን በዝግታ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ነበር። የትራንስፎርመሩ ብረት በማግኔት ጠገበ፤ ሞገዱ ተዛባ፤ ቮልቴጁን የሚያረጋጉት 7 ግዙፍ መሣሪያዎች ተራ በተራ ከሥራ ወጡ። 2 ደቂቃ ሳይሞላ የክፍለ ግዛቷ መብራት እልም አለ። 6 ሚሊዮን ሕዝብ፣ በዚያ ብርድ፣ ለ9 ሰዓት ያህል!

«ለምን እነሱን መርጦ?» ወደ ዋልታ የተጠጉ ናቸው፤ መሬታቸው ደግሞ ጅረት እንደ ልብ የማያሳልፍ ጥንታዊ አለት ነው። ከሥር መንገድ ያጣው ጅረት በላይ ያሉትን ረጃጅም መስመሮች ተከተለ።

«ፊውዝ ይቀየራላ!» በዚያው ማዕበል አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሳሌም የኑክሌር ጣቢያ የተጎዳው ፊውዝ ሳይሆን ትራንስፎርመር ነው። ይህን የሚያህል ትራንስፎርመር ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በትእዛዝ ይሠራል፤ ዛሬ አዝዘህ ለመረከብ ዓመትና ከዚያም በላይ ልትጠብቅ ትችላለህ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

«የሰማይ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል?» ኩቤኮች እንደዚያ ብለው አልተቀመጡም። ቮልቴጅ የሚያረጋጉት መሣሪያዎች በትንሽ በትልቁ ከሥራ እንዳይወጡ አስተካከሏቸው፤ በመስመሮቹም ላይ ያን ጅረት የሚያግድ ካፓሲተር ተከሉ።

«እንግዲያው ዓለም ሊያልቅ ነው!» አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን የፀሐይን ብልጭታ ባየ ማግስት ከኩቤኩ የማያንስ ማዕበል ደርሷል። በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል የነበሩ ቴሌግራፈኞች ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ማዕበሉ በሽቦው ላይ ባመጣው ጅረት ብቻ 2 ሰዓት ያህል መልእክት ተለዋወጡ። ልዩነቱ ያኔ በሽቦ ላይ የተንጠለጠለው ቴሌግራፍ ብቻ መሆኑ ነው። ዛሬ ሆስፒታሉም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ባንኩም ተንጠልጥሏል።

«ሳተላይትማ ከላይ ነው፣ ይተርፋል።» እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ከመጠቁ 49 የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ወደ 40 የሚጠጉት ጠፍተዋል። የፀሐይ ማዕበል የላይኛውን አየር አሙቆ ሲያሳብጠው፣ አየሩ ጎትቶ አወረዳቸው። በሜይ 2024 ሌላ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ የአሜሪካ ገበሬዎች በዘር ወቅት ትራክተር አቁመዋል፤ ጂፒኤሱ መስመር ሳተባቸው።

«እኛ የምድር ወገብ አጠገብ ነን፣ አይነካንም።» ግማሹ እውነት ነው። የሰፈርህ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ፀሐይን አትክሰስ፤ የሰፈር ሽቦ አጭር ነው፣ ከባዱ ጅረትም የሚያይለው ወደ ዋልታ በቀረቡ አገሮች ነው። ግማሹን ግን ስማ፦ የምድር ማግኔትም የራሱ ወገብ አለው፤ የሚያልፈውም በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ነው። በዚህ ወገብ ላይ ያለው የላይኛው አየር በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሚታመስ የጂፒኤስ ምልክት ይርገበገባል፤ ማዕበል ሲጨመርበት ጠባዩ ይብስ ይለዋወጣል። ቀያሽም አብራሪም ጉዳዩ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የምድርን ማግኔት ሲለካ የኖረው በከንቱ አይደለም፤ በጀትም ሰውም ይገባዋል።

«ለክተን ምን እናተርፋለን?» ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ ፀሐይ ቀረብ ብለው የቆሙ ሳተላይቶች ማዕበሉ ሊደርስ ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው ይናገራሉ። በዚያች ጊዜ የመስመር ጭነት ይቀነሳል፤ ለጥገና የተቋረጠ መስመር ይመለሳል።

«15 ደቂቃ ምን ይሠራል?» ኩቤክ 2 ደቂቃም አላገኘችም።