ጭቃው ምን በደለህ?

«ለልጆቻችን የጭቃ ትምህርት ቤት? ወደ ኋላ ልትመልሰን ነው?» ይለኛል አንዱ። ወደ ኋላ የመለሰንማ ከሰዓት ተማሪውን በላብ አጥምቆ የሚያስተኛው፣ ዝናብ ሲወርድ መምህሩን ዝም የሚያሰኘው ቆርቆሮ ነው!

አርክቴክቱን ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬን ልጥራልህ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ ትምህርት ቤት ስላልነበራት በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሄደ፤ የገባበትም ክፍል በሙቀት የሚያፍን ነበር። በርሊን አርክቴክቸር ሲማር፣ ገና ሳይመረቅ፣ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። በ2001 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ከምን? ከጭቃ!

«ጭቃ በክረምት ይሟሟላ!» የጋንዶ ሰዎችም ይህንኑ ብለውት ነበር። ጭቃውን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ ጡብ አደረገው፤ የቆርቆሮ ክዳኑንም ከግድግዳው አሳልፎ አሰፋው። ዝናቡ ከየት አግኝቶ ያሟሟው?

«ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱስ?» ቆርቆሮው ክፍሉ ላይ አልተደፋም፤ በብረት ተደግፎ ከጡቡ ኮርኒስ በላይ ከፍ ብሏል። ሞቃቱ አየር በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በመስኮት ይገባል። ማራገቢያ የለ፣ የመብራት ሂሳብ የለ።

«የድሃ መላ ነው» አልከኝ? በ2004 እ.ኤ.አ. የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ለዚሁ ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬሬ ፕሪትዝከር የተባለውን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ዓለም የሸለመውን አንተ ናቅኸው።

ትምህርት ቤቱ ለጎረቤትም ይከፈት ስል ደግሞ፦ «ይሁን፤ ግን ትምህርት ቤት የልጆች ነው፤ ጎረቤት ምን ቤት ነው?» ጎረቤቱማ የልጁ አባት ነው! ጋንዶ ላይ ለመሠረቱ ድንጋይ የተሸከሙት ልጆች ናቸው፤ ውኃ የቀዱት እናቶች ናቸው። ኬሬ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ሲነድፍ ሴቶቹ የሠሯቸውን እንስራዎች ቆርጦ ጣሪያው ውስጥ አስገባቸው፤ ብርሃንና አየር በእነሱ በኩል ይገባል። እንስራዋ ጣሪያው ላይ ያለች እናት ያንን ቤት አታስነካም።

«ሰው ከገባ ንብረት ይበላሻል» የሚሉ ኃላፊዎችም አሉ። ለምርጫ ሲከፈት ያልተበላሸ ክፍል፣ ለስብሰባ ሲከፈት ያልተበላሸ ወንበር፣ ለእናቶች የማታ ትምህርት ሲሆን ምን ያበላሸዋል? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረ ጊዜ ስንቱ አዋቂ ነው ፊደል የቆጠረው! ዛሬ ተማሪው ሲወጣ በሩ ይቆለፋል፤ ቅዳሜና እሑድ ዘበኛው ባዶ ክፍል ይጠብቃል። ይህ ያናድደኛል፤ የሕዝብ ገንዘብ ነዋ!

ንብረቱ የሚያሰጋህ ከሆነ በንድፍ ፍታው። ቤተ መጻሕፍቱን፣ አዳራሹን፣ ቧንቧውንና መጸዳጃውን ወደ መንገድ አውጣና የራሳቸው በር ይኑራቸው። መማሪያ ክፍሎቹ ከኋላ ለብቻ ይቆለፉ።

«ለቧንቧውስ ውኃ ከየት ይመጣል?» ከክዳኑ! ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,000 ሊትር ነው፤ ጥቂቱ ቢባክንም የቀረውን በአሸንዳ ወደ ታንከር መምራት ይቻላል። እኛ ግን ግቢውን እንዲያጥለቀልቅ እንለቀዋለን።

እናንተ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባላት፣ አዲስ ንድፍ ሲቀርብላችሁ ሳትፈርሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ በበጋ በምን አየር ያገኛል? ጎረቤትስ በየትኛው በር ይገባል? መልስ የሌለው ንድፍ ይመለስ።