ቤተኛን ከቤት የማስወጣት ብልሃት

ክቡር የካፌ ባለቤት፣ ጠዋት ጠዋት የሚደረደሩት የለመዷቸው ፊቶች ሰልችተውዎት ከሆነ መላ አለው። ዋጋ በመጨመር ግን አይድከሙ። ቤተኛ በዋጋ ብቻ አይበረግግም፤ ስኳር ተወደደ፣ ዘይት ጠፋ ሲሉት "እናንተስ ምን ታደርጉ" ብሎ አዝኖልዎት ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማባረር ሙያ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ግድግዳው ላይ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይስቀሉ። ከጽሑፉ ሥር አስተናጋጁ ተቀምጦ ቲክቶክ ይይ። ንጉሡ ሦስት ጊዜ ሳያጨበጭብ ቀና እንዳይል።

ቀጥሎ መስተንግዶውን ያበላልጡ። እንግዳ ሰው ሲገባ ወንበር ይሳቡለት፣ ጠረጴዛውን ይወልውሉለት፣ ቤተኛው ያዘዘውን ማኪያቶም አንስተው ለእሱ ይስጡት። ቤተኛው ቅር ካለው "አንተ እኮ የቤት ሰው ነህ፣ ትንሽ ታገስ" ይበሉት። ለዓመታት መመላለሱ ያስገኘለት ማዕረግ ከሁሉ በኋላ መስተናገድ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

ረቡዕና ዓርብን በከንቱ አያሳልፉ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት በቀር ጿሚው ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን የጾም ምግብ እንደሚፈልግ ከቀን መቁጠሪያው ይታወቃል። ስለዚህ ምንም አያዘጋጁ። ሽሮ ሲል "አልቋል"፣ ፉል ሲል "አልደረሰም"፣ ተጋቢኖ ሲል "ዛሬ አልሠራንም" ይባል። በመጨረሻ ፍርፍር ቀርቦለት "ቅቤ አልነካውም አይደል?" ብሎ ከጠየቀ፣ "ኧረ ብዙም አልነካው" የሚለው መልስ ይበቃዋል።

ሒሳብ ላይ "ዝርዝር የለም" ማለት ድሮ ያስተማምን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጥቶ ይህን ሰበብ ሊያበላሽብን ቢሞክርም ተስፋ አይቁረጡ። ገንዘቡን ልኮ ማረጋገጫውን ሲያሳይ "እኛ ጋ አልገባም" ብለው በር ላይ ያቁሙት። ዱቤ ሲያምኑት የኖሩትን ሰው ለአንድ ቡና ሒሳብ በሌብነት መጠርጠር ከሁሉም ይልቅ አንጀት ይቆርጣል።

ሕግ አያሳስብዎ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ማኪያቶ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ክስ የሚመሠርት የት አለ? ቤተኛማ ጭራሽ አይከስም። የሚቆጣው፣ የሚያጉረመርመው፣ "ኧረ ሰው ስሙ" የሚለው ነገም ሊመጣ ስላሰበ ነው። ስለዚህ አፉን ሲከፍት "ካልተመቸህ ቤቱ ሞልቷል" ይበሉት። ከዚያ በኋላ ምንም ቅሬታ አይሰሙም፤ ዝምታውንም እንደ እርካታ ቆጥረው በአስተናጋጆችዎ ይኩሩ።

ልፋትዎ ፍሬ ማፍራቱን በዱቤ ደብተሩ ያውቃሉ። ሁልጊዜ ደመወዝ ጠብቆ የሚከፍለው ሰው ወሩ ሳይጋመስ መጥቶ "ስንት አለብኝ?" ይልና አንዲት ሳንቲም ሳያስቀር ይዘጋል። ደስ ይበልዎት፣ ስሙንም በመስመር ይሰርዙት። ምሳ ይዟቸው የሚመጣው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹም፣ ለስብሰባ የሚያዝልዎት ሻይና ሳምቡሳም አብረው ስለሚሰረዙ በአንድ መስመር ብዙ ሥራ ይቀልልዎታል።

ገበያው ለምን ቀዘቀዘ የሚል ጠያቂ ከመጣ በኑሮ ውድነቱ፣ በመብራት መጥፋቱ፣ በጎረቤት ምቀኝነት ያመካኙ። አዲስ ሰው ለመሳብ ካሰቡም የግድግዳውን ቀለም ቀይረው፣ በሩ ላይ "በአዲስ መልክ ሥራ ጀምረናል" የሚል ባነር ይስቀሉና በአሮጌው ጠባይ ይቀጥሉ።