የስንት ቆርቆሮ ቤት ነው?

ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ቡሬ ገብቶ ነበር። የላስ ቬጋሱ ታክሲ ነጂ በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት አገር ቤት ሲመጣ፣ ሚስቱ ለእህቷ በስልክ «ፍሎሪዳ የእረፍት ቤት አለን» ያለቻት ነገር አዲስ አበባ ላይ ቪላ፣ ባሕር ዳር ላይ ፎቅ ሆኖ፣ ቡሬ ሲደርስ ባለ ሆቴል አድርጎ ጠበቀው። ከባሕር ዳር የተሳፈረበት ሚኒባስ መራዊን፣ ዳንግላንና እንጅባራን አልፎ ጥሊሊ ላይ ሰው ሲያራግፍ፣ ከኋላ ወንበር የነበሩ አንዲት የአገሩ እናት ትከሻውን ነካ አድርገው «ሆቴሉን የገዛኸው አንተ ነህ አይደል?» አሉት። ልጃቸው እዚያ ሥራ ታገኝ እንደሆነም ጠየቁት።

የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት ቡሬ በዚያ ሰሞን በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ማዳበሪያ ጭኖ የሚገባው፣ በቆሎ ጭኖ የሚወጣው መኪና አስፋልቱን ይዞታል፤ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ገና በግንባታ ላይ ነበር። ሰውየው ግን ከተማው ውስጥ አልቆየም። የአጎቱ ቀበሌ ከማንኩሳ መንገድ ገባ ብሎ ስለሆነ፣ ባጃጅ እስከሚችለው ወስዶት ቀሪውን በእግሩ አዘገመ።

አጎትየው አውድማ ላይ ነበሩ። ጤፉ ላይ የሚዞሩት በሬዎች ሁለት ናቸው፤ ግንባረ ቦቃው የራሳቸው፣ ጥቁሩ የጎረቤታቸው። መንሹን ጥለው፣ ገለባውን ከትከሻቸው አራግፈው፣ የወንድማቸውን ልጅ ደጋግመው ሳሙት። ጠላው ቀርቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ የሞተው ሁሉ ስሙ ተነስቶ «ነፍስ ይማር» ከተባለ በኋላ ዋናው ጥያቄ መጣ።

«እህሳ፣ የስንት ቆርቆሮ ቤት ነው?»

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቤት በካሬ ሜትር አይለካም። የአምሳ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ የሰባ ቆርቆሮ ቤት አለ፤ የመቶ ከሆነ ባለቤቱ ሽምግልና ይላካል። ሰውየው ጠላውን ተጎነጨና በሚችለው መጠን እውነቱን ተናገረ።

«የአንድ ሳምንት ነው፣ አጎቴ።»

ዝም ተባለ። አክስቱ ነገሩን ሊያለዝቡ ብለው «ተሠርቶ ያለቀው በሳምንት ነው ማለቱ ነው፤ እዚያ እኮ በማሽን ነው» አሉ።

«አይደለም፣ እትዬ። ቤቱ በዓመት አንድ ሳምንት የኔ ነው።»

«የቀረውን ጊዜስ?»

«የሌሎች ነው።»

«የስንት ሰው?»

«የአምሳ አንድ።»

አጎትየው የቤታቸውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩት። ምናልባት ለአምሳ ሁለት እያካፈሉት ይሆናል።

ታይምሼር የሚባለው ነገር ይህ ነው። አንድ የመዝናኛ መኖሪያ ለብዙ ገዢዎች በሳምንት በሳምንት እየተሸነሸነ ይሸጣል። አጀማመሩ አውሮፓ ነው። ሃፒማግ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 አባላቱ በጋራ ባለቤትነት የሚዝናኑባቸውን ቤቶች ማደራጀት ጀመረ፤ በ1967 ደግሞ በፈረንሳይ አልፕስ፣ ሱፐር ዴቮሉይ በተባለው የበረዶ መንሸራተቻ መንደር፣ ክፍል ከመከራየት ድርሻ መግዛት ይሻላል የሚለው ንግድ ተስፋፋ። አሜሪካ ሐሳቡን ወስዳ እንደ ልማዷ አገዘፈችው። በ1974 አርሲአይ የተባለ ኩባንያ ተቋቁሞ የአንዱን ሳምንት ከሌላው ሳምንት ጋር ማለዋወጥ ጀመረ፤ የፍሎሪዳው ባለ ሳምንት ስፔን ሄዶ ያርፋል፣ የስፔኑ ፍሎሪዳ ይመጣል። በአዲስ አበባ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ አሮጌ ልብስን በሳህን የሚለውጠው «ልዋጭ!» ባይ ይህን ቢሰማ ኩባንያ ለማቋቋም ምን እንደጎደለው ይገርመው ነበር።

ለአጎትየው ግን ይህ ሁሉ ታሪክ አላስፈለጋቸውም። ትንሽ አሰብ አደረጉና ጭናቸውን መታ አድርገው «መቀናጆ ነዋ!» አሉ።

ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ ጥማዱ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳል። ቦቃውና ጥቁሩ በዚህ መንገድ ስንት ክረምት አሳልፈዋል። ሰውየው በአርባ ገጽ ውል ያልገባውን ነገር አጎቱ በአንድ ቃል ስለያዙለት ደስ አለው። ደስታው ግን አልቆየም፤ የመቀናጆ ሰው ጥያቄ ይችላል።

«ተራህ ሚካኤል ላይ ቢውልስ? በአሥራ ሁለት ቀን በሬ አይጠመድም።»

ጥያቄው የዋህ ቢመስልም የንግዱን እምብርት የሚነካ ነው። ቋሚ ሳምንት የገዛ ሰው በየዓመቱ ያችኑ ሳምንት ያገኛል፤ ሥራ ቢይዘው፣ ልጅ ቢታመምበት የራሱ ጉዳይ ነው። ተንሳፋፊ ሳምንት የገዛ ደግሞ ቀድሞ ከያዘ የሚፈልገውን ይመርጣል። ሰውየው የገዛው ሁለተኛውን ነበር። ለፈረንጅ ገና ፈልጎ በስልክ ሲጠይቅ ከዓመት በፊት ተይዟል አሉት፤ የተረፈው መስከረም ነው።

«መስከረምማ ምን ወጣው!» አሉ አክስቱ። «አደይ የሚፈነዳበት።»

«እዚያ የሚፈነዳው አውሎ ነፋስ ነው፣ እትዬ።»

አጎትየው ቀጠሉ። አምሳ ሁለት ሳምንት ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን ነው። «ትርፉስ? ጳጉሜን የማን ናት?» አሜሪካኖቹ ጳጉሜን ባይኖራቸውም ጥያቄው መልስ አለው። የተረፉት ቀኖች ተጠራቅመው በየአምስት ወይም በየስድስት ዓመቱ አምሳ ሦስተኛ ሳምንት ይወልዳሉ፤ እሱን አንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ ያስቀረዋል፣ አንዳንዱ ለብቻው ይሸጠዋል። ሌሎቹም ከአምሳ ሁለቱ አንድ ሁለቱን ለጥገና ብለው ከሽያጭ ያወጣሉ። ጳጉሜንን እንኳ የሚሸጥ ነጋዴ መኖሩ አጎትየውን ከሁሉ በላይ ሳያስገርማቸው አልቀረም።

ከዚያ «ደብተር አለህ?» አሉት። ከሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለውን የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አውጥተው አሳዩት፤ የባልና ሚስቱ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ፣ ገበሬው በይዞታው ይጠቀማል፣ ያከራያል፣ ያወርሳል፤ ለሽያጭ አያቀርብም። ስለዚህ በባለቤትነትና በመጠቀም መብት መካከል ያለውን ልዩነት ለአጎትየው ማስረዳት አያስፈልግም። ታይምሼርም ሁለቱም ዓይነት አለው። በአንደኛው ገዢው እንደ ማንኛውም ቤት በስሙ የተመዘገበ የድርሻ ሰነድ ይይዛል፤ በሌላው ለተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብት ብቻ ነው ያለው። ገዢው ሰነድ ሲይዝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ባለ ሰነዱ ድርሻ ማብቂያ የለውምና፣ ሲሞት ሳምንቱም የሳምንቱም ዕዳ ከውርሱ ጋር ይቆጠራል፤ ልጆቹ በወቅቱ አንፈልግም ካላሉ ይረከቡታል።

«በሬውን ማን ይቀልበዋል?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ሲመሽ ነው።

እዚህ ላይ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ። ሄደም ቀረም ይከፍላል፤ ደግሞ ይጨምራል። በአሜሪካ በአማካይ በዓመት ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አጎትየው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በመቀናጆ በሬውን እያንዳንዱ በየቤቱ ይቀልባል፤ ቢጣሉ አዝመራው ሲያልቅ ሁሉም በሬውን ይዞ ይለያያል። ማሳቸውን ሳይረግጥ በየዓመቱ የሚቀልቡት በሬ አይተው አያውቁም።

ሰውየው እንዴት እንደገዛው የተረከው በማግስቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ነው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ለመዝናናት ሄዶ ሳለ፣ ሆቴሉ በር ላይ አንዲት ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ለአራቱም ሰው የመዝናኛ ፓርክ ትኬት በነፃ ልስጥህ አለችው። ዋጋው ቁርስ መብላትና ዘጠና ደቂቃ ገለጻ መስማት ብቻ ነው። በነፃ የተሰጠን ቁርስ እምቢ የሚል የጎጃም ሰው እስካሁን አልተወለደም። ዘጠናው ደቂቃ አራት ሰዓት ሆነ። አንደኛው ሻጭ የልጆቹን ፎቶ አይቶ አነባ፤ ሁለተኛው ዋጋውን ቀነሰ፤ ሦስተኛው፣ አለቃ ነኝ ባዩ፣ «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» አለ። ልጆቹ ደከሙ፣ ሚስቱ «በቃ ፈርምና እንውጣ» አለች። ጸሐፊው በዚህ ላይ የሚፈርደው በሻጮቹ ነው፤ ሰው ሲርበውና ልጁ ሲያለቅስበት የሚያስፈርም ንግድ ሸቀጡን ራሱም አያምነውም።

ፍኖተ ሰላም የቀድሞዋ ወጀት ናት። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን ከጎጃም ባስለቀቁበት በ1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጉዞ በዚሁ መስመር አልፏል። የዛሬው ተጓዥ ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ማንጎዋን ነው፤ በዚያ ቀንም አንድ ጭማቂ ቤት ውስጥ ባንክ የሚሠራው የአክስቱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ያዘ። ሳምንቱ በ20 ሺህ ዶላር ተገዛ እንበል፤ ለአንድ ሳምንት ይህን ያህል መክፈል በአሜሪካ የተለመደ ነው። ጥገናው በዓመት አንድ ሺህ፣ ለሃያ ዓመት ሌላ 20 ሺህ። በጠቅላላው 40 ሺህ። ሃያ ሳምንት 140 ሌሊት ነው።

«ለአንድ አዳር 286 ዶላር» አለ ባንከኛው።

ይህ ወለዱን ሳይጨምር ነው። ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ብድር ብዙ ጊዜ ከመቶ 12 እስከ 18 ይወለድበታል። የጥገናው ጭማሪም አልታሰበም፤ አንድ ዓመት ሳይሄድ ቢቀር ደግሞ አዳሩ ይበልጥ ይወደዳል። ጣና ዳር ኩሪፍቱን በመሰለ ሪዞርት የሚያድር ሰው ሒሳቡን ጠዋት ዘግቶ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለጣሪያው ቀለም ደረሰኝ አይላክለትም።

ከዚህም የባሰው መሸጡ ነው። ሰውየው ሳምንቱን ለመሸጥ ኢንተርኔት ላይ ሲገባ፣ የሱን የሚመስሉ ሳምንቶች በአንድ ዶላር ቀርበው አገኘ፤ ያውም «እባካችሁ ውሰዱልን» የሚል ልመና ታክሎባቸው። ባንከኛው ከት ብሎ ሳቀ፤ ቡሬ ገበያ ላይ በአንድ ዶላር ዶሮም አይገኝም።

ይህ ግን ታይምሼር ለማንም አይበጅም ማለት አይደለም። በየዓመቱ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ፣ ወጥ ቤት ያለው ሰፊ ክፍል የሚፈልግ፣ የሚመጣውን ዓመት ቀጠሮ ዛሬ የሚይዝ ቤተሰብ አለ። ለእሱ ነገሩ ይሠራል፤ በተለይ ከሻጩ ኩባንያ ሳይሆን ሊገላገል ከሚፈልግ ሰው በርካሽ ከገዛና የጥገናውን ክፍያ ብቻ ከተሸከመ። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በነጥብ የሚሠራው ክለብም ከሌሎቹ ይልቅ ዋጋውን ጠብቆ በመሸጥ ይታወቃል። ታክሲ ነጂ ግን ዕረፍቱን ከዓመት በፊት አያውቅም፤ በዓል ሲመጣ ላስ ቬጋስ እንግዳ ትሞላለች፣ ገንዘቡም ያኔ ነው። ለሱ ዓይነት ሰው በሚያስፈልገው ሌሊት መከራየት ይሻለዋል።

መሸጥ ያቃተውን ደግሞ ሌላ አዳኝ ይጠብቀዋል። «ገዢ አግኝቼልሃለሁ፣ የግብሩን ብቻ ቀድመህ ላክ» የሚል ስልክ ይደወላል። በሜክሲኮ ባለ ታይምሼሮች ላይ ይህን ማጭበርበር የሚመሩት የአደንዛዥ ዕፅ ቡድኖች መሆናቸውን የአሜሪካ መንግሥት ይፋ አድርጓል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተበልተናል ብለው አመልክተዋል። አጎትየው ይህን ቢሰሙ ሽፍታም እንደ ሰው ቢሮ ከፈተ ይሉ ነበር።

ሕግ ግን ፈጽሞ አልተኛም። የአውሮፓ ኅብረት ለገዢው የ14 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ውሳኔ፣ በ1998ቱ ሕግ ዘመን ተፈርመው ከ50 ዓመት በላይ የሚያስሩ ውሎች ፈራሽ መሆናቸውን ወስኗል። ታክሲ ነጂው በሚኖርበት ኔቫዳ የመሰረዣው ጊዜ 5 ቀን ነው፤ በፈረመበት በፍሎሪዳ 10 ቀን። እሱ ይህን ያወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ አንቀጹ ግን ከውሉ ጋር በያዘው ወረቀት ላይ ነበረ።

ስለዚህ ኦርላንዶ ቁርስ ተጋብዛችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ቀኑን ቁጠሩ። አሥሩ ቀን ካልሞላ፣ መሰረዛችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ ውሉ ላይ ባለው አድራሻ በሪኮማንዴ ላኩ፤ የላካችሁበትን ደረሰኝም አስቀምጡ። በስልክ «እሺ ሰርዘነዋል» ቢሏችሁ አትመኑ።