ሐምሌ የሚቆርጠው ዋጋ

ኤሲ በጥቅምት ሲበላሽ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላየሁም። በእኛ ሰፈር፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኤሲ የሚበላሸው ሐምሌ ላይ ነው። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሰዓቱም ጠጋኞቹ ስልካቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ። ምርጫ ከተሰጠው ደግሞ እንግዳ የተጠራበትን ቀን ይመርጣል። ተንኮል ይመስላል እንጂ ምክንያት አለው። ማሽኑ ጸደዩን ሲያንቀላፋ ከርሞ ሙቀቱ 95 ፋራናይት፣ በእኛ 35 ዲግሪ፣ ሲደርስ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ይሠራል። ውስጡ የደከመ ነገር ካለ የሚለይለት ያኔ ነው። የጎረቤት ማሽንም በዚያው ሳምንት ይለይለታል። ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ቴክኒሻን ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁ የጥገናን ዋጋ የሚቆርጠው የተበላሸው ዕቃ አይደለም፤ ሐምሌ ነው።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች በዚህ ጉዳይ ልምድ የለንም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቀመጠ ከተማ ኤሲው መስኮት ነው። ሞቀህ? ትከፍታለህ። በረደህ? ትዘጋለህ። ጥገናው ቢበዛ አንድ መስታወት ነው። እዚህ ግን መስኮት ብትከፍት የሚገባው ወበቅ ነው፤ ገብቶም አይወጣም። የወበቅ ነገር ከተነሣ፣ ዊሊስ ካሪየር የተባለው የ25 ዓመት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈው ለሰው አዝኖ አይደለም። ብሩክሊን የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በወበቅ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ቀለሙ ስለተዛነፈበት ነው። የሰው ተራ የደረሰው በኋላ ነው። እኔም ሒሳብ በከፈልኩ ቁጥር ማሽኑ ዛሬም ከሰው ይልቅ ለወረቀት እንደሚያደላ ይሰማኛል፤ በተለይ አረንጓዴ ለሆነው ወረቀት።

ባለፈው ሐምሌ የእኛው ተራ ደረሰ። ውጭ ያለው ማሽን ያንጎራጉራል፣ ማራገቢያው ግን አይዞርም። በቤቱ ቀዳዳ ሁሉ ሞቅ ያለ አየር ይመጣል። ሀበሻ ደግሞ ችግሩን ብቻውን አይዝም፤ ቴክኒሻን ሳይመጣ አማካሪ ሞላ።

የመጀመሪያዋ አማካሪ አማቴ ናቸው። እማማ የሙቀቱን ወራት ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ የመጡት ከአዲስ አበባ ነው። በእሳቸው እምነት በዚህ አገር ያለ በሽታ ሁሉ የሚመጣው ከኤሲ ነው። እንደመጡ ወለሉ ላይ ያሉትን የአየር መውጫዎች በፎጣ ደፈኗቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን አየር መሳቢያ ደግሞ ሶፋ አስጠግተው ዘጉት።

“እማማ፣ ይኼ ከተዘጋ እኮ ማሽኑ አየር ያጥረዋል” ብላቸው፣

“እኔን ብርድ ከሚመታኝ እሱ አየር ይጠረው” አሉኝ።

አጠረው። ከብልሽቱ በፊት፣ ገና ሰኔ ላይ፣ ቤዝመንት ወርጄ ሳይ ወፍራሙ የመዳብ ቱቦ በረዶ ለብሷል። ላይ ቤት ሰው በላብ ይጠመቃል፣ ታች በረዶ ተጋግሯል። ነገሩ ተአምር አይደለም። ሞቃት አየር በበቂ ካላለፈበት የማቀዝቀዣው ቱቦ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ይረጋል፤ በረዶው ደግሞ የቀረውን አየር ይዘጋል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ መተውና እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው። ወጪው ምንም፤ የእማማ ኩርፊያ ካልተቆጠረ።

ሁለተኛው አማካሪ የማኅበራችን ሰው ነው። ሁሉም ሀበሻ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ያውቃል። ሳያይ፣ ሳይሰማ፣ በስልክ “ጋዝ ነው!” አለኝ። “አንድ ልጅ አለ፣ በካሽ ይሞላልሃል።” የኤሲ ጋዝ ግን ቤንዚን አይደለም፤ ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይዞራል። ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው፣ ከወጣ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በየዓመቱ ለልጁ ደመወዝ መቁረጥ ነው። ጋዙን ለመንካትም በፌዴራል ሕግ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። አር-22 የሚባለው የድሮው ጋዝ እ.ኤ.አ. ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በዚህ አገር አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም፤ የቀረው የተከማቸና ከአሮጌ ማሽን የተቀዳ ነው። የእሱ ተተኪ አር-410ኤም አዲስ ለሚመረት የቤት ማሽን ከ2025 ወዲህ በሩ ተዘግቶበታል። አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ጋዝ ሲያስሞላ የሚከፍለው የቅርስ ዋጋ ነው።

ሦስተኛው በማግሥቱ ከአንድ ድርጅት የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነው። ካቻቢቴ አልያዘም፤ ታብሌት ይዟል። ማሽኑን ከሩቅ አየው።

“ስንት ዓመቱ ነው?”

“አሥራ ሁለት።”

“ጋዙን የሚያዞረው ኮምፕረሰር ሞቷል” አለኝ። ፊቱ ላይ የወረደው ሐዘን የእውነት ይመስላል። እማማ ከሳሎን ሆነው አይተውት “ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?” አሉኝ።

“ኮምፕረሰሩ ነው፣ እማማ።”

“ነፍስ ይማር” አሉ።

የቀብሩ ወጪ 14,000 ዶላር ነው። ዛሬውኑ ከፈረምኩ ቅናሽ አለ፤ በየወሩ መክፈልም ይቻላል። ደግሞ ነባሩ ባለ 2 ተኩል ቶን ስለሆነ ወደ 3 ተኩል “ከፍ ብንል” ይሻላል አለኝ። አንድ ቶን ማለት አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ከቤት የማውጣት አቅም ነው። ብዙ ቶን ብዙ ምቾት ይመስላል፤ በእኛ ወበቅ አገር ግን ተቃራኒው ነው። ከቤቱ የሚበልጥ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይጠፋል፤ እርጥበቱን ለማድረቅ ጊዜ አያገኝም። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ትረጥባለህ። በዚያ ብር ቤተሰቡን ይዤ ሐምሌን አዲስ አበባ ጋቢ ለብሼ እንደማሳልፍ እያሰላሁ ሸኘሁት።

አራተኛውን ብዙ ጠበቅን፤ መጡ። ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አዛውንት ቴክኒሻን ናቸው፤ የሜሪላንድ ፈቃዳቸው ቁጥር መኪናቸው ላይ ተጽፏል። ብዙ አያወሩም። ብሬከሩን አጠፉ፣ የውጭውን ማሽን ክዳን ፈቱ፣ የለስላሳ ጣሳ የምታክል ብርማ ነገር አወጡ። ካፓሲተር ናት፤ ሞተሩን ለማስነሣት የምትገፋው እሷ ነች። ጤነኛዋ አናቷ ጠፍጣፋ ነው፤ የእኛዋ ጉልላት አውጥታለች። መብራት ከጠፋ በኋላም ክፉኛ የምትነዝር ኤሌክትሪክ ታቁራለችና በራሴ ልሞክር የሚል ጀግና ቢርቃት ይሻላል። አዲሷን ገጠሙ፣ ብሬከሩን መለሱ፣ ማራገቢያው ዞረ። ሟቹ ኮምፕረሰር ተነሣ።

285 ዶላር። ዕቃዋ ራሷ ሃያና ሠላሳ ዶላር እንደሆነች ስልኬ ነግሮኛል፤ የቀረው የመምጫ፣ የሙያና የሐምሌ ነው። ሀበሻ ነኝና “ትንሽ አይቀነስም?” አልኳቸው።

“ሚያዝያ ላይ ለምርመራ ብትጠራኝ ኖሮ ሳታብጥ በፊት በመለኪያ አገኛት ነበር” አሉኝ። ቅናሽ ጠይቄ ምክር ተሰጠኝ።

በሠራተኞቹ ዘንድ የታወቀ ሒሳብም አለ። የማሽኑን ዕድሜ በጥገናው ዋጋ ታባዛለህ፤ ከ5,000 ካለፈ አዲስ ስለመግዛት ታስባለህ፣ ካላለፈ ትጠግናለህ። የእኔ 12 ጊዜ 285፣ ማለትም 3,420 ነው። ማሽኑ አለፈ። እኔን በዚህ ሒሳብ እንዳታስበኝ ባለቤቴን ለመንኳት።

አዛውንቱ ከመሄዳቸው በፊት ፊልተሩን ሳቡት። ቀይ ዳማ ነው። አሸተቱት፣ አዩኝ።

“ይህ ቤት ምግብ ቤት ነው?”

ቁሌት ነው፤ የተቆላ ቡና፣ የእሑድ ዕጣን፣ ቤዝመንት ያለው የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት። ሁሉም ተስቦ እዚያ ይጠራቀማል። ካርቶኑ ላይ “ለሦስት ወር” ተብሎ የተጻፈው ዶሮ ወጥ ለማይሠራ ቤት ነው፤ እኛ በየወሩ መለወጥ አለብን። የፍሳሽ ቱቦውንም አሳዩኝ። ማሽኑ ከወበቁ የሚያወጣው ውኃ የሚሄደው በዚያ ነው፤ አረንጓዴ አልጌ ሲዘጋው ውኃው ሞልቶ ማሽኑን ያጠፋዋል። በየጊዜው አንድ ኩባያ አቼቶ ማፍሰስ ይበቃል። ይህን ሥራ እማማ ወሰዱት፤ ለኤሲ ኮምጣጣ ነገር ማጠጣት ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

እሑድ ቡና ላይ ጉባኤው ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሰው አልተረታም። “ካፓሲተሩን ያቃጠለው ምን ሆነና? ጋዝ ማነሱ ነው!” አለ። እማማ የተጣለችውን ካፓሲተር አንሥተው በመነጽራቸው አገላበጧት። እብጠቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

“አላልኳችሁም?” አሉ። “ሌት ተቀን እዚያ ብርድ ውስጥ ተቀምጣ፤ በራሷ ብርድ ነው የተመታችው።”

አሁን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠዋታል። ቴርሞስታቱን ዝቅ ላደርግ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ምንም አይናገሩም፤ በጣታቸው ወደ እሷ ያሳዩኛል።