ያለሱ አይሠራም?

በአገራችን አባወራ ለራሱ የሚገዛው ነገር የለም፤ ሁሉን የሚገዛው ለልጆቹ ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን ለልጆቹ ነው፤ ዋይፋዩ ለልጆቹ የቤት ሥራ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤት የሚገባው ሥጋ እንኳ "ልጆቹ ደም እንዲኖራቸው" ነው። እኔም ይህን የተከበረ ልማድ ተከትዬ የጌም ኮምፒውተር ላስገጣጥም ስነሳ ምክንያቱ የልጆቹ ትምህርት ሆነ። ታላቅየው ገና ሁለተኛ ክፍል መሆኑ፣ የሚማረውም መደመርና መቀነስ መሆኑ ሐሳቤን አላናወጠውም። ሁለትና ሁለት በጥሩ ግራፊክስ ቢደመሩ ምን ክፋት አለው?

እውነቱን ለአንባቢ ብቻ ልንገር። እኔ ያደግሁት በጆተኒ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲከፈት ሥራ ይዤ ክራባት አስሬ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ በሩ ላይ ብቆም፣ ውስጥ ያሉት ልጆች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ ዩኒፎርም የለበሰው ወንበር ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። ባለቤቱ ብድግ ብሎ "ፋዘር፣ ልጅዎ እዚህ አልመጣም" አለኝ። ልጄ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። በዚህ ዕድሜ ጌም ያማረው ሰው ማሽኑን ቤቱ ከማቆም ሌላ ምርጫ የለውም።

ችግሩ በጀቱ ነው። የኔ በጀት በብር ነው፤ ዕቃው ግን የሚያስበው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። የኔ ቁጠባ ባለበት ቆሞ በትዕግሥት ተመለከተው። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የዓለምን ሜሞሪ ሲሻሙ የራም ዋጋ ሰማይ ነካ። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ አምራች ጭራሽ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች የሚሸጠውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሰው ሠራሹ አስተውሎት ራሙን ጠራርጎ ሲወስድ እኔ የተፈጥሮውን ይዤ ሰልፍ ላይ ቀረሁ።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ጠራሁት፤ የዕቃ ዝርዝር ይዞ መጣ። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ። እስከዚህ መልካም ነበር። ከዚያ በታች ግን ባለመስታወት ኬዝ፣ ቀለም የሚቀያይሩ ፋኖች፣ የሚያበራ ኪቦርድ፣ ፕሮሰሰሩን በውሃ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ እያለ ይቀጥላል።

ባለቤቴ ቡና እየቀዳች ስለነበር የማትሰማ መስሎን ነበር።

"በምን የሚያቀዘቅዝ?" አለች።

"በውሃ፣ እትዬ።"

"እኛ የምንጠጣውን እንኳ በፈረቃ ነው የምናገኘው" አለችና ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ተቀበለችው። "ያለሱ አይሠራም?"

"መሥራትስ ይሠራል፤ ግን..."

"ግን" የምትለዋን ቃል ሳይጨርስ ውሃው ተሰረዘ። ለዚህ ደረጃ ፕሮሰሰር ከራሱ ጋር የሚመጣው ተራ ፋን በቂ መሆኑን ልጁም አልካደም። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በዚያችው አንዲት ጥያቄ ሄደችበት። ባለቀለም ፋኑ ያለሱ አይሠራም? ይሠራል፤ ተሰረዘ። መስታወቱ? ይሠራል፤ ተሰረዘ። የሚያበራው ኪቦርድ? "ማታ ማታ መብራት አታጠፉም እንዴ?" ተሰረዘ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ፈንዲሻዬን በላሁ።

በነጋታው ገበያ ወጣን። ባለሱቁ አንዱን አሮጌ ማሽን እየዳበሰ "ፋዘር፣ ይሄ ኮር አይ ሰቨን ነው፤ ስላይትሊ ዩዝድ" አለኝ። የእህቴ ልጅ ስንተኛ ጄኔሬሽን እንደሆነ ጠየቀው። "ኮር አይ ሰቨን ነው አልኩህ እኮ!" አለ ሰውዬው፣ የተሰደበ ያህል ተቆጥቶ። ይህ ሰባት ቁጥር እንደ ደጃዝማችነት ሆኗል፤ ማዕረጉ ይጠራል እንጂ በየትኛው ዘመን፣ ከማን እንደተገኘ አይጠየቅም። ሲገለበጥ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ የመጣው አሥራ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ስሪ በጨዋታ ጥሎት ይሄዳል፤ መብራትም በቁጠባ ነው የሚበላው።

ሁለተኛው ሐሳብ ከውጭ አገር ቢሮዎች ጡረታ ወጥተው የሚመጡትን እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ ማሽኖች አንዱን ገዝቶ ካርድ መሰካት ነው። አይናቅም፤ ለድሃ ጌመር የታወቀ መንገድ ነው። ቀጭኑ ግን ከአጭር ካርድ በስተቀር አያስገባም። ረጅሙም ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ ብዙውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ስለሌለው፣ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ በሚገኘው 75 ዋት ብቻ የሚኖር ካርድ መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ጂቲኤክስ 1650ን። ፓወር ሰፕላዩን በትልቅ ልቀይር ቢሉ ደግሞ የብዙዎቹ መሰኪያ ከገበያው ዕቃ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ለየብቻ ገዝተን ልናስገጣጥም ወሰንን።

የሚያሳስበኝ ግራፊክስ ካርዱ ነበር። የበጀቱን ሲሶ የሚውጠው እሱ ነው፤ ያቺ ጥያቄም እሱ ዘንድ መድረሷ አይቀርም። ብዙ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ትንሽ ግራፊክስ ስላላቸው ያለ ካርድም ስክሪን ያበራሉ። "ያለሱ አይሠራም?" ብትል መልሱ "ይሠራል" ሊሆን ነው፤ እኔም በዘመናዊ ማሽን ካርታ ስጫወት ልኖር ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ለካስ የቤታችንን ሕግ አጥንቶ ነበር። ማታ አዲሱን ዝርዝር ሲያቀርብ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ስሪ 12100 ኤፍ ሆኗል።

"ይሄ ካርድስ ያለሱ አይሠራም?"

"አይሠራም፣ እትዬ! መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ያለ ካርድ ስክሪኑ ጥቁር ነው።"

"ኤፍ የሌለበትስ?"

"ውድ ነው።"

ባለቤቴ ልጁን አየችው፤ እኔን አየችኝ። የምትለው አጣች፤ ምክንያቱም ልጁ አልዋሸም። ኤፍ ያለበት በርግጥም ይረክሳል። ያን ምሽት የእህቴን ልጅ በአርጩሜ ያሳደገውን አባቱን በልቤ አመሰገንኩ።

ካርዱን ያገለገለ ገዛን፤ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ ባለ 6 ጊጋ። ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ታሪኩን ማወቅ ደግ ነው። ኢተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ለዓመታት የሚመረተው ሌት ተቀን በሚሠሩ ግራፊክስ ካርዶች ነበር፤ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩ ሲቀየር እነዚያ ካርዶች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት ሆነው ገበያ ወጡ። ጥፋት የለባቸውም፤ ደክሟቸዋል እንጂ። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ከባድ ነገር ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማሠራት፣ የፋኑን ድምፅ መስማት፣ ሙቀቱን ማየት ነው። ሻጩ "እመነኝ" ካለ አንድ ሰዓት ማሠራት ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን ማንም ባልጠበቀው ዕቃ ላይ ነው። ለፓወር ሰፕላይ የተያዘው ገንዘብ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ባለቤቴ ጣቷን አሳረፈችበት።

"ይሄስ ያለሱ አይሠራም?"

"ያለሱ ጨርሶ አይነሣም።"

"ሌሎቹ ሁሉ የሚበሉት ከሱ ነው?"

"አዎ።"

"እሱ ቢቃጠልስ?"

"ሌሎቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።"

"ታዲያ ለሱ ለምን ፍርፋሪ ተመደበለት?"

መልስ የሰጠ የለም። ሁለት ወንዶች ለሚያበራ ፋን ገንዘብ መድበን፣ ማሽኑን በሕይወት ለሚያኖረው ሣጥን የታክሲ መልስ አስቀርተን ነበር።

በማግስቱ እሷም አብራን ወጣች። አንዱ ባለሱቅ አንድ ፓወር ሰፕላይ አቀረበ፤ ላዩ ላይ 550 ዋት ይላል፤ በእጅ ሲያዝ ግን ውስጡ አየር ብቻ ይመስላል። "ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ትናንት ራሴ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ" አለን። የእህቴ ልጅ ጀርባውን አዞረው። ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ የጥፍር ያህል የምትሆን ቀይ ማብሪያ አለች፤ የምታሳየው 115 ነው። የኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ እኛ ግድግዳ ላይ ቢሰካ የሚሰማው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቃጠለ ሽታ ነው። ልጁ ይህን ሲያስረዳ ባለቤቴ ወደ ባለሱቁ ዞር ብላ "ትናንት ሞክረኸው ነው እንዲህ ደኅና የሆነው?" አለችው። ሰውዬው ስልክ የተደወለለት መሰለና ወጣ።

ሌላ ቦታ ቮልቱን ራሱ የሚለይ፣ ከበድ የሚል፣ ዋስትና ያለው አገኘን። ዋጋው ቆንጠጥ ያደርጋል። ባለቤቴ ግን ሳትከራከር ከፈለች፤ በትዳራችን እንዲህ ስትከፍል አይቻት አላውቅም። የፍሪጁን ስታቢላይዘር ለማሽኑ ልዋስ ብላት ደግሞ "ፍሪጁ ያለሱ አይሠራም" አለችና ከፋኖቹ በተረፈው ገንዘብ ሌላ ገዛችልኝ።

መገጣጠሙ ብዙ ወሬ የለውም። ኬዙ ከአሮጌ ማሽን የተረፈ ነው። ራሙ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ነው፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ ይመገባል። ላብ ያስጠመቁን ከኬዙ ፊት የሚመጡት እንደ ክር የቀጠኑ የማብሪያና የመብራት ገመዶች ናቸው፤ መነጽሬን አድርጌም አልታዩኝ፤ የሁለተኛ ክፍሉ ተማሪ በትንንሽ ጣቶቹ ሰካቸው። ትምህርቱ በዚህ ተጀመረ ማለት ነው። ሲበራ ምንም የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም፤ ግራጫ የቢሮ ኬዝ ነው፤ ኳስ ጨዋታውን ግን ሳይንቀጠቀጥ ያጫውታል።

ኮምፒውተር ለማስገጣጠም ላሰባችሁ አንድ ነገር ልምከር። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ይምረጥላችሁ፤ ገንዘቡን ግን ዕቃውን ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ይያዝላችሁ። ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ ያቺን ቀይ ማብሪያ እዩ።