ፊቱ የማይጠቁር ዓሣ

አማዞን ዲስከስን ሲያበጅ ትልቅ ስህተት ሠርቷል። ኦስትሪያዊው ዮሐን ያኮብ ሄክል በ1840 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ክብና ጠፍጣፋ ዓሣ (የሐይቆቻችን ቆሮሶ የሥጋ ዘመድ ነው) ቡናማ ገላው ላይ ዘጠኝ ያህል ጥቁር ቋሚ መስመሮች ተሰምረውበት፣ ውሃ ውስጥ በወደቁ ግንዶች መሐል ይኖራል። ያውም ተደብቆ! ሳሎን ለማድመቅ የተፈጠረ ፍጡር ምን ሲል ይደበቃል? ደግነቱ አርቢዎች ደረሱለት። በጀርመን ሐኪሙ ኤድዋርድ ሽሚት-ፎከ፣ በአሜሪካ ጃክ ዋትሊ የሚያብረቀርቁትን እየመረጡ አዳቀሉ፤ የታይላንድና የማሌዥያ አርቢዎችም ተረክበው ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ነጩን፣ ዝንጉርጉሩን አከታተሉ።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ከታይላንድ የወጣው «ፒጅን ብለድ» የተባለው ዝርያ ነው፤ መስመሮቹን ጨርሶ አጥፍቷልና። እነዚያ መስመሮች ዓሣው ሲደነግጥ፣ ሲታመም ወይም ውሃው ሲበላሽበት ይጎላሉ፤ ሲረጋጋ ይደበዝዛሉ። ለጥንዱም ለባላንጣውም ስሜቱን የሚገልጸው በእነሱ ነው። ዓሣውን በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩት «የጭንቀት መስመር» ይሏቸዋል። ጭንቀትን ለማስወገድ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ሙቀቱን ከ28 ዲግሪ አለማውረድ፣ መደበቂያና ጓደኛ መስጠት ነው፤ ይህ ያደክማል፣ ያስወጣልም። ሌላው መስመሩን ማጥፋት ነው። እነሆ ዓሣው የፈለገውን ያህል ቢጨነቅ ፊቱ አይጠቁርም፤ እንግዳም «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ባለቤቱን አያሳፍርም።

ጥበቡ እስከ ልጆቹ ይዘልቃል። ዲስከስ፣ እናትም አባትም፣ ጫጩቶቹን የሚመግበው ከቆዳው በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። በዚያ ወቅት የወላጆቹ ገላ ይጠቁራል፤ ጫጩቶቹም ጥቁሩን እያዩ ይጠጋሉ። ፒጅን ብለድ ግን መጥቆር ስለተነፈገ፣ ልጆቹ እናታቸውን ትተው የገንዳውን ጥቁር ማጣሪያ ሲከቡ ይገኛሉ። አርቢው ታዲያ አልተሸነፈም፤ ገንዳውን ነጣ ያለ አደረገው። ቀዩም ቀይነቱ እንዳይደበዝዝ ቀለም የሚያጎላ መኖ ይጨመርለታል፤ የዘር ሐረግ ያልሞላውን ቆርቆሮ ይሞላዋል።

«በገንዳ የተወለደው ሲበዛ የዱሩ ይተርፋል» የሚሉ አሉ። ማርባት ከዱር የሚጠመደውን መቀነስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቡናማውም በገንዳ ይረባል፤ ጫጩቶቹም ያለ ነጭ ገንዳ ወላጆቻቸውን ያገኛሉ። ወንዙን ለማትረፍ ዓሣውን ብርቱካን መቀባት ለምን እንዳስፈለገ የነገረን የለም። ሌሎች ደግሞ «ሰው ላምና ዶሮ ሲመርጥ ኖሯል» ይላሉ። ኖሯል፤ ወተትና እንቁላል ፈልጎ። ስትታመም እንዳትጮህ ብሎ የላሚቱን ድምፅ ያጠፋ አርቢ ግን አልሰማንም። «ዓሣ ምን ያውቃል?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ምንም የማያውቅ ቢሆን ኖሮ የሚያጠፉለት መስመር አይኖረውም ነበር።

እንግዲህ ዲስከስ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ስለ ዋጋና ስለ ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ ይህ ዓሣ ሲከፋው በምን አውቃለሁ?